የሰርቨርና የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ሼሉን እዩ

ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ፒያሳ፣ ጥቂት ሰርቨሮችና አሥር ሃያ ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ውሳኔ ይገጥመዋል። የትኛው ራውተር እንደወደቀ፣ የትኛው ዲስክ እንደሞላ፣ ደንበኛ ስልክ ከመደወሉ በፊት የሚነግረው ሶፍትዌር ያስፈልገዋል። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ንጽጽሩ ብዙውን ጊዜ በዋጋ፣ በግራፍ ውበትና በሞባይል አፕ ያልቃል። እዚህ የምንመዝነው በሌላ ሚዛን ነው፦ ሊጠብቀን የገዛነው ሶፍትዌር ራሱ ኮማንድ ኢንጀክሽን (ተራ ጽሑፍ አስመስሎ ትዕዛዝ ማስገባት) በሚባለው ቀዳዳ የአጥቂ መግቢያ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው?

መከታተያ ሰርቨር የቁልፍ ዘለላውን የያዘ ዘበኛ ነው። የየራውተሩ የኤስኤንኤምፒ ኮሚዩኒቲ (መሣሪያውን ለመጠየቅ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል ቃል)፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል፣ አንዳንዴም ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያ የሆነው የኤስኤስኤች ቁልፍ እሱ ዘንድ ተቀምጧል። ፋየርዎሉም ወደ ሁሉም ቅርንጫፍ ያሳልፈዋል፤ ካላሳለፈው መከታተል አይችልም። እሱ ላይ ትዕዛዝ ማስኬድ የቻለ ሰው ሌሎቹን በሮች አንድ በአንድ መስበር አያስፈልገውም።

ቀዳዳው ከቅርብ ሲታይ

ብዙ መከታተያዎች የአንድን መሣሪያ አድራሻ ተቀብለው ፒንግ የሚያደርጉበት ሳጥን አላቸው። ሳጥኑ ውስጥ 10.20.3.1 ብትጽፉ፣ በግዴለሽነት የተሠራ ፕሮግራም ያንን ጽሑፍ «ፒንግ» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥምና አንድ መስመር አድርጎ ለሊኑክስ ሼል፣ ማለትም የተጻፈ ትዕዛዝ አንብቦ ለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ያስረክባል። አሁን በሳጥኑ ውስጥ «10.20.3.1; id» (አይዲ) ተብሎ ይጻፍ። ሴሚኮለን ለሼል እንደ እኛ አራት ነጥብ ናት፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር አለቀ፣ ሌላው ጀመረ ማለት ነው። ሼሉ ፒንጉን ይጨርስና «አይዲ» የተባለውን ትዕዛዝ ያስኬዳል፤ ሶፍትዌሩ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ይህ ትዕዛዝ በራሱ ጉዳት የለውም። በእሱ ቦታ ግን የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል።

ታዲያ ሴሚኮለንን መከልከል አይበቃም? አይበቃም፤ ማስረጃው ናጊዮስ የተባለው መከታተያ በሌሎች ማሽኖች ላይ ፍተሻ የሚያስኬድበት ረዳት፣ የኤንአርፒኢ ታሪክ ነው። ኤንአርፒኢ አደገኛ ምልክቶችን በዝርዝር ይዞ ይከለክል ነበር፤ ሴሚኮለንም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። በ2013 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዶላር ምልክትና ቅንፍ፣ ማለትም $()፣ መረሳታቸው ታወቀና በ2.14 ተስተካከለ። በዓመቱ፣ በ2014፣ ደግሞ አዲስ መስመር የሚያስጀምረው ምልክት እንደተረሳ ወጣ። በ2021 ሲስተም-ኢንፎርሜሽን የተባለው የኖድ ላይብረሪ ጽሑፉን እያጠራ፣ ጽሑፉ በዝርዝር መልክ ሲመጣለት ግን ሳያጠራው አሳለፈ፤ የተስተካከለው በ5.3.1 ነው። ሦስቱም የወደቁት የሚከለከለውን ሲቆጥሩ አንድ በመርሳታቸው ነው። ትክክለኛው አሠራር ሼሉን ጨርሶ ከመሃል ማውጣት ነው፦ ፕሮግራሙና አድራሻው ተለያይተው ይላካሉ፣ ቁጥር መሆን ያለበት ነገር ቁጥር ካልሆነ ይመለሳል፣ በሰረዝ የሚጀምር ጽሑፍም እንደ አማራጭ እንዳይቆጠር ይታገዳል።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው ሰው የጻፈው ወይም መሣሪያ የላከው ጽሑፍ ሼል ጋ የሚደርስባቸው ቦታዎች ስንት እንደሆኑና ሲጫን ክፍት ይሁኑ ዝግ ነው። ሁለተኛው ለማጥቃት የይለፍ ቃል ማስፈለጉ፤ ካስፈለገም የማን? የሥራ አስኪያጁን ግራፍ የሚያየው አካውንት ከበቃ፣ መግቢያ አለው ማለት ከንቱ ነው። ሦስተኛው ሶፍትዌሩ በሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ወይም ያንን ሥልጣን በሚያውሰው በሱዱ ኃይል መሥራቱ። አራተኛው የትዕዛዙ አቅጣጫ ነው፦ ዋናው ሰርቨር ወደ ቅርንጫፍ ማሽኖች ትዕዛዝ ይልካል ወይስ ቁጥር ብቻ ይሰበስባል? አምስተኛው፣ ፓች (ቀዳዳ መድፈኛ ማስተካከያ) ሲወጣ ቢሮአችሁ ውስጥ ያለው ሰው በአንድ ምሽት ሊጭነው ይችላል ወይ?

በእኔ ግምት የክብደቱ ግማሽ ለመጀመሪያውና ለአምስተኛው መሰጠት አለበት። ቀዳዳ ያልተገኘበት ሶፍትዌር የለም፤ ልዩነቱ የሚመጣው በሩ ስንት እንደሆነና የተሰበረውን በር በስንት ቀን እንደምትጠግኑት ነው።

ካክታይ

ለባንድዊድዝ ግራፍ ቀላልና ነፃ ስለሆነ አንዴ ተተክሎ የተረሳበት ቢሮ አይጠፋም። የ2022ቱ ቀዳዳው (ይፋ የሆኑ ቀዳዳዎች በሚቆጠሩበት የሲቪኢ መዝገብ ሲቪኢ-2022-46169) ለዚህ ንጽጽር ከሁሉ የተሻለ ማስተማሪያ ነው። ካክታይ ከሌሎች የራሱ ሰብሳቢ ማሽኖች ጥያቄ የሚቀበልበት አንድ ፋይል አለው። ፋይሉ ጠያቂው ከታወቀ አድራሻ መምጣቱን ያጣራል። ነገር ግን አድራሻውን የሚያነበው ጠያቂው ራሱ ሊጽፈው ከሚችለው የጥያቄው ራስጌ ነበር፤ እንግዳው ስሙን ራሱ እየነገረ የሚገባበት በር ማለት ነው። ከዚያ የሰብሳቢው መለያ ቁጥር፣ ቁጥር መሆኑ ሳይረጋገጥ፣ ወደ ሼል ያልፋል። የይለፍ ቃል አያስፈልግም ነበር። ክብደቱ ከ10 ነጥብ 9.8 ተሰጠው፤ የተስተካከለው በ1.2.23 ነው። ሲሳ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደህንነት ተቋምም በ2023 መጀመሪያ በተግባር ጥቃት ከደረሰባቸው ቀዳዳዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ካክታይ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ጥቅል የተጫነ ከሆነ የቨርዥን ቁጥሩ ብቻ አይፈርድም፤ እነሱ የድሮውን ቁጥር እንደያዙ ፓቹን ወደ ኋላ ያመጡታል። የጥቅሉን የለውጥ ዝርዝር ከፍታችሁ የሲቪኢውን ቁጥር ፈልጉ። ለአዲስ ተከላ ግን ካክታይን የምመክረው ግራፍ ብቻ ለሚፈልግ፣ ገጹንም ከቪፒኤን ጀርባ ለሚያስቀምጥ ነው።

ናጊዮስ

ነፃው ናጊዮስ ኮርና የሚሸጠው ናጊዮስ ኤክስአይ በዚህ ሚዛን ላይ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ኮር ትዕዛዞቹን የሚያነበው በፋይል ከተጻፈ ማዋቀሪያ ነው፤ ከድረ ገጽ ገብቶ አዲስ ትዕዛዝ የሚፈጥር የለም፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አደጋው ኤንአርፒኢ ላይ፣ ፖርት 5666 ላይ ነው። «ዶንት ብሌም ኤንአርፒኢ» የሚባል መቼት አለው፤ ስሙ ራሱ «በኋላ እኔን እንዳትወቅሱ» ማለት ነው። 0 ከሆነ ከሩቅ የሚመጣ ተጨማሪ ጽሑፍ አይቀበልም፣ ሲጫንም 0 ነው። 1 የሚደረገው የእያንዳንዱን ዲስክ ማስጠንቀቂያ መጠን ከዋናው ሰርቨር ለመላክ ሲባል ነው። አታድርጉት፤ መጠኑን በየማሽኑ ፋይል ጻፉት። ለ30 ማሽን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ኤክስአይ ድረ ገጹ ምቹ ነው፣ ምቾቱ ግን በሮችን አብዝቷል። በ2019 ከ5.6.6 በፊት ባሉት ቨርዥኖች የሲስተም መግለጫ ማውረጃው በኩል እስከ ሩት የሚያደርስ ቀዳዳ ተገኘ። በ2021 ደግሞ 5.7.5 ላይ አዳዲስ መሣሪያ መመዝገቢያ በሆኑት ሦስት ዊዛርዶች፣ የዊንዶውስ፣ የስዊችና የክላውድ፣ በእያንዳንዳቸው ኮማንድ ኢንጀክሽን ተገኘ። ሁሉም መግቢያ አካውንት ይፈልጋሉ። ኤክስአይን ከመረጣችሁ የአካውንቶቹን ቁጥር በእጅ ጣት የሚቆጠር አድርጉ።

ዛቢክስ

ሃያ ቅርንጫፍ ላለው መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው እጩ ይህ ነው። ኤጀንቱ፣ ማለትም በየማሽኑ የሚጫነው ረዳት ፕሮግራም፣ ከሩቅ ትዕዛዝ የሚያስኬድበት «ሲስተም-ራን» የሚባል ቁልፍ አለው፤ ከ5.0 ትውልድ ወዲህ ሳትነኩት ዝግ ነው። የሚከፈተው «አላው-ኪይ» በሚለው መስመር ነው። በኢንተርኔት የተገኘ መመሪያ «ሲስተም-ራን በኮከብ ምልክት ፍቀዱ» ቢላችሁ እንዳትሰሙ፤ ኮከቧ ማንኛውንም ትዕዛዝ ማለት ናት። አንድ አገልግሎት ማስነሳት ካስፈለገ ያንኑ አንድ ትዕዛዝ ሙሉውን ጽፋችሁ ፍቀዱ። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡና መጀመሪያ የገጠመው ስለሚወስን፣ ፈቃዱ ከክልከላው በላይ ይጻፍ። «አንሴፍ-ዩዘር-ፓራሜተርስ» የሚለውም በ0 ይቆይ።

የፒንግ ሳጥኑ ምሳሌ የፈጠራ አይደለም። በ2024 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2024-22116 በትክክል እሱ ነው፦ የተገደበ መብት ያለው አስተዳዳሪ በዛቢክስ የፒንግ ስክሪፕት በኩል የፈለገውን ትዕዛዝ ማስኬድ ይችል ነበር፤ ነጥቡ 9.9። የተነካው የ6.4 ትውልድ እስከ 6.4.15፣ እንዲሁም የ7.0 የሙከራ ቨርዥኖች ናቸው። ከ7.0 ጀምሮ እነዚህን ስክሪፕቶች ዋናው ሰርቨር ላይ ጨርሶ የሚዘጋ መቼት አለ፤ ዝጉት። ሲጫን የሚመጣውን የ«አድሚን» አካውንት «ዛቢክስ» የሚለውን የይለፍ ቃልም በዚያው ሰዓት ቀይሩ።

ለእኛ ሁኔታ የሚመቸው ሌላው ነገር አክቲቭ ኤጀንቱ ነው። ቅርንጫፉ ራሱ ወደ ዋናው ሰርቨር ፖርት 10051 ይደውላል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ ላይ 10050ን መክፈት አያስፈልግም። ኤልቲኤስ የሚባለው ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ቨርዥኑ 3 ዓመት ሙሉ፣ 2 ዓመት ደግሞ የተወሰነ ድጋፍ አለው፤ ይህ ማለት ፓች ለማግኘት በየዓመቱ ትልቅ ሽግግር አያስገድድም። 2 ኮርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን አንድ ሺህ ያህል መለኪያዎችን ይሸከማል።

ሊብሬኤንኤምኤስ

ስዊችና ራውተር ብቻ ለሚከታተል ከሁሉም በፍጥነት የሚነሳው ይህ ነው። ሥራውን የሚሠራው ሌሎች ፕሮግራሞችን እየጠራ ስለሆነ ሼል ጋ መነካካቱ ብዙ ነው። በ2018 በቨርዥን 1.46 አዲስ መሣሪያ ሲመዘገብ የሚጻፈው የኮሚዩኒቲ ስም ራሱ ትዕዛዝ ይሸከም ነበር፤ በ2024ም ከ24.10.0 በፊት ባሉት ሌላ ተገኝቷል። ሁለቱም መግቢያ አካውንት ይፈልጋሉ። ጥሩ ጎኑ በየሌሊቱ ራሱን ማደሱ ነው፣ ኢንተርኔት እስካገኘ ድረስ። ሰርቨሩን ከኢንተርኔት ካገዳችሁት ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ ስለዚህ ወደ ማደሻው ምንጭ ብቻ የሚያልፍ መንገድ ክፈቱለት።

ፒአርቲጂ

ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ፣ እስከ 100 ሴንሰር (አንድ ሴንሰር በመሣሪያ ላይ የሚለካ አንድ ነገር ነው) ነፃ የሆነ ምርት ነው። አንድ መሣሪያ በአማካይ 10 ያህል ሴንሰር ስለሚወስድ ነፃው ለአሥር መሣሪያ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ፈቃዱ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፣ ያንንም ከባንክ ማግኘት የራሱ ጊዜ አለው። የታወቀው ቀዳዳው (ሲቪኢ-2018-9276) በማሳወቂያና በሴንሰር መቼቶች በኩል ነበር፣ በ18.2.39 ተዘጋ። የአስተዳዳሪ አካውንት ይፈልጋል፤ ብዙዎች ግን አብሮ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ ስለሚተዉት ያ መከላከያ በወረቀት ብቻ ይቀራል። ሲሳ ይህንን ቀዳዳ በተግባር ከተጠቁት ውስጥ የመዘገበው በ2025 መጀመሪያ ነው፣ ፓቹ ከወጣ ሰባት ዓመት ገደማ በኋላ። ያልታደሰ ማሽን ስንት ዘመን ተጋልጦ እንደሚቆይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ፕሮሜቲየስና ግራፋና

በአቅጣጫ መስፈርቱ አንደኛ ናቸው። ፕሮሜቲየስ ከየማሽኑ ቁጥር ያነባል እንጂ ትዕዛዝ አይልክም። ቁጥሩን የሚያቀርቡለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ኤክስፖርተር ይባላሉ፤ የፒንግ ሥራውን የሚሠራው ብላክቦክስ ኤክስፖርተር እንኳ የውጭ ፒንግ ፕሮግራም አይጠራም፤ ጥያቄውን ራሱ ይልካል፣ ስለዚህ ሼል የሚባል ነገር መሃል የለም። ቁጥሩን በግራፍ የሚያሳየው ግራፋና በ11 ትውልድ በ2024 ከባድ ቀዳዳ ነበረበት፣ ተመልካች አካውንትም ይበቃው ነበር፤ ሆኖም የሚሠራው ዳክዲቢ የተባለው ፕሮግራም ለብቻው ከተጫነ ብቻ ነው፣ አብሮም አይመጣም።

ጉድለታቸው ሌላ ነው። ኖድ ኤክስፖርተር በፖርት 9100 የማሽኑን ዝርዝር ለጠየቀው ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ያሳያል፤ ወደ ውስጥ ኔትወርክ ብቻ መታሰር አለበት። መረጃውን ሳትነኩት የሚይዘው 15 ቀን ነው፣ ያለፈውን ዓመት ግራፍ ለሚፈልግ ኃላፊ አይበቃም። ሁሉም ነገር በጽሑፍ ፋይል ስለሚዋቀር የሚያውቀው ሰው ሲለቅ ተተኪው ይቸገራል። ማንኛውንም ስክሪፕት የሚያስኬድ የሦስተኛ ወገን ኤክስፖርተር ከጨመራችሁ ደግሞ ያስወጣችሁትን ሼል መልሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው።

በር የማይመስለው በር፦ የኤስኤምኤስ ስክሪፕቱ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቴሌግራም ማስጠንቀቂያ አይደርስም። ስለዚህ ብዙ ቢሮዎች የዩኤስቢ ሞደም ላይ ሲም ሰክተው ኤስኤምኤስ ይልካሉ፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ችግሩ ስክሪፕቱ ላይ ነው፤ ከገዛችሁት ሶፍትዌር ይልቅ ለዚህ እሰጋለሁ። የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ የመሣሪያ ስም፣ የሎግ መስመር፣ የኤስኤንኤምፒ መልስ ይይዛል። ያንን ጽሑፍ ለመጻፍ መከታተያው ላይ አካውንት አያስፈልግም፤ አንድ የቅርንጫፍ መሣሪያ ስሙን መቀየር ወይም በመግቢያ ገጽ ላይ ሎግ ውስጥ የሚገባ የተጠቃሚ ስም መጻፍ ይበቃል። ስክሪፕቱ ጽሑፍን እንደ ትዕዛዝ የሚያስኬደውን «ኢቫል» የሚለውን ቃል ከተጠቀመ ወይም ጽሑፉን ከሌላ ትዕዛዝ ጋር ገጥሞ ለሼል ከሰጠ፣ በሩ ለመንገደኛ ክፍት ነው።

ጋሙ የተባለውን የመላኪያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ጽሑፉን በትዕዛዝ መስመሩ ላይ ሳይሆን በስታንዳርድ ኢንፑት ስጡት። ናጊዮስ ላይ «ኢሊጋል-ማክሮ-አውትፑት-ቻርስ» የሚለውን መስመር ባዶ አታድርጉ፣ ማክሮዎቹንም (ናጊዮስ በማስጠንቀቂያው ጽሑፍ የሚተካቸውን ቃላት) በትእምርተ ጥቅስ ክበቡ። (በአማርኛ የምትልኩ ከሆነ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 160 ሳይሆን 70 ፊደል ነው፤ የቅርንጫፉን ስም ከፊት አድርጉት።)

ራሳችሁ የጻፋችሁት የፒኤችፒ ወይም የፓይተን መከታተያ ገጽ ካለም በዚሁ ዓይን ይታይ። ፓይተን ላይ «ኦኤስ-ሲስተም» የሚለው ጥሪ ወጥቶ ፕሮግራሙንና አድራሻውን ለየብቻ በዝርዝር የሚቀበለው «ሰብፕሮሰስ» ይግባ።

| አማራጭ | ሼል የሚነካበት | ለታወቁት ቀዳዳዎች መግቢያ | ሳትነኩት ሲመጣ | ፓች መጫን |
|---|---|---|---|---|
| ካክታይ | ብዙ | በ2022ቱ አያስፈልግም ነበር | ጥንቃቄ ይፈልጋል | በጥቅል፣ ቀላል |
| ናጊዮስ ኮር | ፕለጊንና ኤንአርፒኢ | የኤንአርፒኢ መቼት 1 ከተደረገ አያስፈልግም | ጥሩ | በእጅ |
| ናጊዮስ ኤክስአይ | ዊዛርዶችና ገጾች | አካውንት | መካከለኛ | ከድርጅቱ |
| ዛቢክስ | ስክሪፕትና ሲስተም-ራን | የተገደበ አስተዳዳሪ | ጥሩ፣ የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ | በጥቅል፣ ኤልቲኤስ |
| ሊብሬኤንኤምኤስ | ብዙ | አካውንት | መካከለኛ | በየሌሊቱ በራሱ |
| ፒአርቲጂ | ማሳወቂያና ሴንሰር | አስተዳዳሪ | የይለፍ ቃሉ ይቀየር | ከድርጅቱ |
| ፕሮሜቲየስና ግራፋና | የለም ማለት ይቻላል | ተመልካች፣ ዳክዲቢ ካለ | 9100 ይታሰር | በእጅ ወይም በጥቅል |

ለማን የትኛው

ፒያሳ አካባቢ እንዳለ አነስተኛ ቢሮ፣ እስከ አሥር መሣሪያ ያለውና ቋሚ የአይቲ ሠራተኛ የሌለው፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ካለው የፒአርቲጂ ነፃው ይበቃዋል፤ የይለፍ ቃሉ ይቀየር፣ ገጹ ከውጭ አይታይ። ሊኑክስ የሚችል ሰው በወር አንዴ የሚመጣ ከሆነ ራሱን የሚያድሰው ሊብሬኤንኤምኤስ ይሻለዋል፤ በወር አንዴ የሚመጣ ሰው ፓች በሰዓቱ አይጭንም።

አንድ ሲስተም አድሚንና ከአሥር እስከ አርባ ቅርንጫፍ ላለው ዛቢክስ ኤልቲኤስ፣ በአክቲቭ ኤጀንት። ናጊዮስ ኮር ዓመታት የሠራበትና ማዋቀሪያው በሥርዓት የተያዘ ካለ ግን ለመቀየር ብቻ አይቀይር፤ ኤንአርፒኢውን ያጣራ። ሶፍትዌር የሚያለማ፣ ኮንቴይነር የሚያስኬድ ድርጅት ደግሞ ያለ ብዙ ማሰብ ፕሮሜቲየስን ይውሰድ። ትልቅ ፋይናንስ ተቋም ሁለቱንም ሊያስፈልገው ይችላል፦ ዛቢክስ ለኔትወርክ፣ ፕሮሜቲየስ ለአገልግሎቶች፣ የሁለቱም ገጽ ለብቻው በተከፈለ የአስተዳደር ኔትወርክ ውስጥ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ምርቱን በሙከራ ማሽን ላይ ጫኑና ራሳችሁ ፈትሹት። ፒንግ፣ ትሬስራውት፣ ማሳወቂያና ስክሪፕት ያለበት ሳጥን ሁሉ ላይ ከአድራሻው ቀጥሎ ሴሚኮለንና 10 ሰከንድ የሚያስተኛውን «ስሊፕ» ትዕዛዝ ጻፉ። መልሱ በየጊዜው 10 ሰከንድ ከዘገየ ቀዳዳ አለ። ሳጥኑ ሲሠራ ደግሞ በሌላ ተርሚናል የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ተመልከቱ፦ ከሶፍትዌሩ ሥር ሼል ተወልዷል? በማን ስም? ይህ ፍተሻ በራሳችሁ የሙከራ ማሽን ላይ ብቻ ይደረግ፤ የሌላ ሰው ሲስተም ላይ ያለ ፈቃድ መሞከር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያስጠይቃል።

በጨረታ ሰነዱ ወይም በፕሮፎርማ ጥያቄው ላይ እነዚህን ጨምሩ፦ አቅራቢው ያለፉትን የምርቱን ሲቪኢዎችና የተዘጉበትን ቨርዥን ይዘርዝር፤ አገልግሎቱ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራና የሱዱ ፈቃዶቹን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ከባድ ቀዳዳ ይፋ በሆነ በስንት ቀን ውስጥ ቢሮአችን መጥቶ እንደሚጭን ቀኑን በቁጥር ያስቀምጥ፤ ርክክብ የሚፈረመው አብሮ የመጣው የይለፍ ቃል መቀየሩ ከታየ በኋላ ይሁን።